መክሊቱን የቀበረው ማን ነው?

በቋንቋችን ሁለት ቃላት አሉ። ሰው ሁሉ እንደ አንድ አድርጎ ይናገራቸዋል እንጂ አንድ አይደሉም። ፊተኛው «ሥራ ፈት» ነው፤ ኋለኛው «ሥራ አጥ» ነው። ሥራ ፈት የሚባለው ሥራ ሳለለት እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ፥ የያዘውንም የፈታ ነው። ሥራ አጥ የሚባለው ግን ፈልጎ ያላገኘ፥ ደጅ ጠንቶ ባዶ እጁን የተመለሰ፥ ጕልበትና ፈቃድ እያለው የሚያሠራው ያጣ ነው። የሥራ ፈት በደሉ የራሱ ነው። የሥራ አጥ ግን ጕዳቱ የራሱ ቢሆንም በደሉ የማን እንደ ሆነ ሊመረመር ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነውም ይህንኑ ነገር ነው።

ጌታችን ስለ ወይን አትክልት ባለቤት በመሰለው ምሳሌ (ማቴ. 20) ይህን ልዩነት አስቀድሞ አሳይቶናል። ባለቤቱ ማልዶ ወጣ፤ በሦስት ሰዓት፥ በስድስት ሰዓት፥ በዘጠኝ ሰዓትም ወጣ። በመጨረሻም በዐሥራ አንድ ሰዓት በወጣ ጊዜ ቆመው የዋሉ ሰዎችን አገኘና ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ ስለ ምን እንደ ቆሙ ጠየቃቸው። እነርሱም የቀጠራቸው ሰው እንደሌለ መለሱለት። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ባለቤቱ ይህን መልስ ሰምቶ አልዘለፋቸውም፤ ወደ ወይኑ ሰደዳቸው እንጂ። ለሚያያቸው ሁሉ ሥራ ፈቶች ይመስሉ ነበር፤ በተጠየቁ ጊዜ ግን ሥራ አጦች ሆነው ተገኙ። ምሳሌው የሚያውቀው ጠያቂም እርሱን ብቻ ነው፤ ሌላው አላፊ አግዳሚ አይቶ ያለፋቸው ይመስላል።

ይህ ገበያ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፥ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው በለጋምቦ ወረዳ አቀስታን ያገኛል። አገሩ ደጋ ነው፤ ተራሮቹ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፤ የበልጉ ዝናም በቀረ ጊዜ ጎተራው ባዶውን ይቀራል። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ በተከፋፈለ ቍጥር እየጠበበ ሄዶ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ እርሻ ታጥቷል። ስለዚህ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ወደ አባቱ ሞፈር እንዳይመለስ መሬት የለም፤ ወደ መሥሪያ ቤት እንዳይገባ ቦታ የለም። በመንገዱ ዳር ቆሞ ይውላል። አላፊውም አይቶት «የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው» ብሎ ያልፋል።

ነገር ግን ቆመው ከሚውሉት መካከል አንዱ በጎቹን ሲመልስ ዳገቱን በሩጫ የሚወጣ ነው። አንዱ በከሰል በግድግዳ ላይ የሣለው መልክ ሰውን የሚያስደንቅ ነው። አንዱ ዋሽንት ሲነፋ ሽማግሌ ምርኵዙን አቁሞ ያደምጠዋል። አንዲቱ ከእናቷ የተማረችውን ጥልፍ ከእናቷ አብልጣ ትሠራለች። ይህ ሁሉ በጨዋታ ስም ይጠራል፤ ጨዋታ ነውና ዕድሜ ሲገፋ ይተዋል ይባላል፤ ይተዋልም።

ቆሞ መዋል የሰለቸውም ይሰደዳል። ከወሎ ተነሥቶ በጅቡቲ በረሃና በየመን ባሕር አድርጎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚያሻግረው መንገድ ለስንት እናት ልቅሶ እንደ ሆነ በየቤቱ የታወቀ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚያች አገር ተባርረው ተመልሰዋል። በሚያዝያ ወር 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለ ክርስትናቸው ከተሠዉት ወጣት ወንድሞቻችን መካከልም እንጀራ ፍለጋ ከአገራቸው የወጡ ነበሩ። ሰማዕትነታቸው ለእኛ ክብር ነው፤ ከቤታቸው ያስወጣቸው ችግር ግን ለእኛ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ምሳሌ እንለፍ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ ለአገልጋዮቹ ለአንዱ አምስት፥ ለአንዱ ሁለት፥ ለአንዱም አንድ መክሊት እንደ ሰጣቸው ተጽፏል። መክሊት ብር የሚመዘንበት ታላቅ ሚዛን ነበር እንጂ ትንሽ ሳንቲም አልነበረም። የመጻሕፍት ዐዋቆች እንደሚያስረዱት አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ ዲናር ደግሞ፥ ቀደም ብለን ባነሣነው በምዕራፍ 20 ምሳሌ እንደሚነበበው፥ የአንድ ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው። ስለዚህ አንድ መክሊት ብቻ የተቀበለው አገልጋይ የ6,000 ቀን፥ ሰንበታትንና በዓላትን ስናወጣ የ20 ዓመት ያህል የሥራ ዋጋ በእጁ ይዞ ነበር ማለት ነው። ከእግዚአብሔር ዘንድ ትንሽ የተሰጠው ሰው የለም። ሁለት የተሰጠውም አምስት የተሰጠው የሰማውን የምስጋና ቃል ሳይጐድል ሰምቷል፤ የተጠየቀው በተሰጠው ልክ መሥራቱን እንጂ ከባልንጀራው መብለጡን አይደለምና።

አባቶቻችን ይህን ጸጋ «ሀብት» ይሉታል። ሀብት ዛሬ ገንዘብና ከብት ማለት ሆኖ ቀረ እንጂ በግእዙ «ወሀበ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነውና ስጦታ ማለት ነው። በአማርኛ «ተሰጥኦ» የምንለውም «ሰጠ» ከሚለው የተወለደ ነው። ሁለቱም ቃላት ሰጪ እንዳለ ይመሰክራሉ። ሰጪ ካለም አደራ አለ፤ አደራ ካለም ጠያቂ አለ። ስለዚህ የልጁን ችሎታ ለልጁ መዝናኛ ብቻ የተሰጠ አድርጎ የሚቈጥር፥ ወይም ቤተሰቡ እንደ ፈቀደ የሚጥለውና የሚያነሣው አድርጎ የሚያስብ ሰው የገዛ ቋንቋውን አልሰማም።

ሦስተኛው አገልጋይ መክሊቱን በመሬት ውስጥ ቀበረ። ይህን መሬት እንደ መምህራን ልማድ ብንፈታው፥ አንድም ስንፍና ነው፤ የሰነፍ ሰው ሀብት ሳይታይ ይሞታልና። አንድም ፍርሃት ነው፤ አገልጋዩ ራሱ ፈርቼ ነው ብሎ መልሷልና። አንድም የሰው ንቀት ነው፤ ገና ብቅ ያለውን ቡቃያ ሣቅና ስድብ አፈር ያለብሰዋልና። ፊተኛው የልጁ ዕዳ ነው። ኋለኛው ግን የልጁ አይደለም። መካከለኛው፥ ፍርሃቱ፥ ከሁለቱም የተደባለቀ ነው፤ ሁልጊዜ የተነቀፈ ልጅ ደፋር ሊሆን አይችልምና።

ጌታው ያን አገልጋይ በገሠጸው ጊዜ ራሱ ሊነግድበት ባይችል እንኳ ብሩን ለለዋጮች ሊያስረክብ ይገባው እንደ ነበር ነግሮታል። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ በችኮላ ይታለፋል። ምሳሌው በዚያ ከተማ ለዋጮች እንደ ነበሩ ያስባል፤ ይኸውም ከሰው የተቀበሉትን አባዝተው የሚመልሱ፥ ሰሌዳቸውን ዘርግተው የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። አገልጋዩ ወደ እነርሱ አልሄደምና ምክንያት የለውም። የሄደውስ? መክሊቱን ይዞ ወደ ለዋጩ ደጅ የመጣ፥ ደጁንም ተዘግቶ ያገኘው ልጅ ምን ይፈረድበታል? ለልጅ ለዋጮቹ ወላጁና መምህሩ፥ ደብሩና ወረዳው፥ የአገሩም ባለጸጋ ናቸው። እኛ ደጃችንን ዘግተን ልጁ መክሊቱን ቢቀብር፥ ጕድጓዱን የቈፈረው እርሱ ቢሆንም አካፋውን ያቀበልነው እኛ ነን።

ይህ ነገር ከመጽሐፍ ብቻ የተወሰደ ሐሳብ እንዳይመስል በራሳችን አገር የሆነውን እናስታውስ። የመካነ ሰላም ከተማ ባለችበት በቦረና ወረዳ የጋሥጫ ገዳም አለ። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የነበረው አባ ጊዮርጊስ ስሙን ያገኘው ከዚህ ገዳም ነው። መጽሐፈ ምሥጢርን፥ አርጋኖንን፥ ሰዓታትንም የደረሰ እርሱ ነው። ገድሉ እንደሚነግረን ግን በሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ትምህርት ፈጽሞ አልገባ ብሎት ዓመታት አልፈዋል፤ ለገዳሙም እህል በመፍጨት ያገለግል ነበር። በእመቤታችን አማላጅነት ምሥጢር የተገለጠለት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ፊተኛው፥ የሰው ሀብት በጊዜው እንጂ እኛ በቀጠርንለት ቀን አይገለጥም። ሁለተኛውም፥ ገዳሙ አልገባህም ብሎ ከደጁ አላባረረውም፤ በወፍጮው ዘንድ ቦታ ሰጥቶ አኖረው። ጸጋው ሲመጣ ያገኘው በሥራ ላይ ሆኖ፥ በትምህርት ቤቱም ቅጥር ውስጥ ሆኖ ነው። ሰነፍ ተብሎ ወደ ገበያ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያናችን ዛሬ የምትጸልይባቸውን መጻሕፍት ከማን እጅ ትቀበል ነበር? ጸጋው የእግዚአብሔር ነው፤ ልጁን ጸጋው እስኪመጣ ማቆየት ግን ለሰው የተተወ ሥራ ነው።

ቅዱስ ያሬድም እንዲሁ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፥ ትምህርት አልዘልቅ ብሎት ከመምህሩ ከአጎቱ ከጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ፥ በዛፍ ላይ ለመውጣት እየወደቀ ደግሞ የሚነሣውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ትውፊታችን ይናገራል። ስለ ትሉ ብዙ ተሰብኳል። ስለ ጌዴዎን ግን የሚናገር ጥቂት ነው። የሸሸው ልጅ በተመለሰ ጊዜ ደጁን የከፈተለት እርሱ ነው። ያ ደጅ ቢዘጋ ኖሮ ግእዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ዜማዎች በኢትዮጵያ ባልተሰሙም ነበር።

የዳዊትንም ነገር እንጨምር። ሳሙኤል ወደ እሴይ ቤት በመጣ ጊዜ አባቱ ሰባቱን ልጆቹን አሳለፈ፤ ስምንተኛው ግን በበጎች ዘንድ ስለ ነበረ ለመጠራት እንኳ አልታሰበም (1ሳሙ. 16)። በኋላም ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባው በገና መደርደሩ ነው፤ በጎልያድ ፊት ያቆመውም በእረኝነት የለመደው ወንጭፍ ነው። እሴይ ልጁን የሚጠላ አባት አልነበረም። በበግ ጠባቂ ላይ የሚታይ ነገር ይኖራል ብሎ ያላሰበ አባት ነበር እንጂ። በለጋምቦና በቦረና ደጋ በጎች የሚጠብቁት ልጆች ስንት ናቸው? በእነርሱስ ላይ የሚታይ ነገር ይኖራል ብሎ የሚያስበው ማን ነው?

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ በአርሲ ያለችውን በቆጂን እናገኛለን። በቆጂ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፥ ገብስና ስንዴ የሚታረስባት የደጋ ከተማ ናት፤ መልኳ ከአቀስታ ብዙ የራቀ አይደለም። በዚያ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ልጆቹን በሜዳና በጫካ መካከል እያስሮጡ ያሠለጥኑ ነበር። ከበቆጂ አገር የወጣችው ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያይቱ ጥቍር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባም የዚያው አገር ልጅ ናት። በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው አራቱም የወርቅ ሜዳልያዎች የሁለት የበቆጂ ልጆች፥ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ ነበሩ፤ ሁለቱም በ5,000ና በ10,000 ሜትር አሸንፈዋልና። ነፋሱና ተራራው በደጋው አገራችን ሁሉ አለ። በበቆጂ የተጨመረው የሚያይ ዐይንና ማልዶ የሚነሣ መምህር ነው።

አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲደግም ዓለም ያደነቀው እግሩን ነው። እግሩን ለዚያ ያበቃው ግን ክብር ዘበኛ ተቀብሎት፥ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አይቶት ነው። መክሊቱ የእርሱ ነበር፤ ለዋጩ ግን ደጁን ከፍቶ ተቀምጦ ነበር።

በዚህ ላይ ከምእመናን መካከል የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉምና በሚገባ ሊመለሱ ያስፈልጋል።

አንደኛው፥ ሩጫና ኳስ የሥጋ ነገር ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋ ልምምድ የሚጠቅመው ለጥቂት እንደ ሆነ ለጢሞቴዎስ ጽፏል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጽፏል። ነገር ግን ለጥቂት ይጠቅማል ማለት አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ከእግዚአብሔር አምልኮ ጋር ሲመዘን አነስተኛ ነው ማለት ነው። ከአምልኮ ጋር ተመዝኖ የማያንስ ምን አለ? እርሻም፥ ንግድም፥ ሹመትም ያንሳሉ። ራሱ ሐዋርያውም ለቆሮንቶስ ሰዎች የክርስቲያንን ኑሮ ሲያስረዳ በሩጫ ስፍራ የሚሮጡትን፥ ሰውነታቸውንም የሚገዙትን ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል (1ቆሮ. 9)። ርኩስ ነገርን ለቅድስና ምሳሌ አያደርግም ነበር። ባህላችንም ይህን ያውቃል፤ በልደት በዓል የገና ጨዋታ፥ በጥምቀት ፈረስ ጉግስ የነበረው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ ካህናትና ሽማግሌዎች እያዩት ነው።

ሁለተኛው፥ ዘፈን ኀጢአት ነው የሚል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ከሥጋ ሥራዎች መካከል ስካርንና ዘፋኝነትን አንድ ላይ መቍጠሩን እናውቃለን፤ ስለዚህ ዘፈን ሁሉ መልካም ነው አንልም። ነገር ግን ጕሮሮውን የፈጠረው ማን ነው? በገናውና ክራሩ፥ ከበሮውና ዋሽንቱ በራሳቸው ኀጢአት የላቸውም፤ የሚያነሣቸው ልብ ነው የሚቀድሳቸው ወይም የሚያረክሳቸው። ከአገራችን የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፥ አምባሰልና ባቲ፥ በወሎ ስፍራዎች ስም የሚጠሩ ናቸው፤ እግዚአብሔር ለዚህ ሕዝብ የሰጠው ጆሮና ድምፅ ምን ያህል እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ልጅ «አዝማሪ» ብለን ሰድበን ብንገፋው የሚቀበለው መጠጥ ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ በመጠጥ ቤት አየነው ብለን እንፈርድበታለን። ክፉውን ቤት የሚነቅፍ ሰው መልካሙን ቤት ከፍቶ ማሳየት አለበት።

ይህ ስድብ በዘፈን ብቻ አላቆመም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቆዳ የሚያለፋውን ስንንቅ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ከልክለዋል፤ አዋጁ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ስድቡ ከአፋችን ፈጽሞ አልጠፋም። እግዚአብሔር ግን ለድንኳኑ ሥራ ባስልኤልን በስም ጠርቶ በጥበብ መንፈስ ሞላው፤ ሌላውን ያስተምር ዘንድም በልቡ አኖረበት (ዘፀ. 31 እና 35)። ጌታችንም በሥጋው ወራት ጠራቢ ተብሏል። እጁን የሚያሠራ ጥበበኛን የሚሰድብ ክርስቲያን የሚሰድበው ማንን እንደ ሆነ ያስብ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ይኸውም፥ ከብዙ ሯጮች አንዱ ያሸንፋል፤ የቀሩት ምን ይሆናሉ የሚል ነው። በዚህ ነገር ልጆቻችንን ማታለል አይገባንም። ስፖርትና ኪነ ጥበብ ብቻቸውን ሥራ አጥነትን ያጠፋሉ ማለት ሐሰት ነው፤ መሬትም፥ ገንዘብም፥ ገበያም፥ ከሁሉ በፊት ሰላም ያስፈልጋል። ወሎ በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ምን ያህል እንደ ተጐዳ የምናውቅ ሁሉ ሰላም በሌለበት ሜዳ ልጅ ሊሮጥ እንደማይችል እናውቃለን። የበቆጂም ሯጮች ሁሉ ወርቅ አላገኙም። ነገር ግን ተሰጥኦን ማሳደግ የሚገባው ሁሉ እንዲያሸንፍ አይደለም። ማልዶ መነሣትን የለመደ፥ አሠልጣኙን መታዘዝ የተማረ፥ ተሸንፎ የአሸናፊውን እጅ የጨበጠ ወጣት ሜዳልያ ባያገኝም ሰው ሆኗል፤ በየትኛውም ሥራ ቢገባ የሚታመን ነው። ደግሞም ከአንድ ሯጭ ኋላ አሠልጣኝ፥ ወጌሻ፥ ዳኛና የስፖርት መምህር አሉ። ከአንድ ሠዓሊ ኋላም ክፈፍ የሚሠራ፥ ቀለም የሚበጠብጥ፥ የሚሸጥም አለ። ሁለት መክሊት የተቀበለው ስንት እንዳተረፈ እናስታውስ፤ ምስጋናውም አልጐደለበትም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የምንለው በእጃችን ያለውን ነው።

በየደብሩ ሜዳ አለ፤ በበዓላት ቀን ይሞላል፥ በሌላው ቀን ባዶ ነው። የገናን ጨዋታና ጉግሱን እንደ ቀድሞው በሥርዐት አስነሥተን፥ ሩጫና ኳስ ጨምረን፥ ብልጫ ያሳየውን ልጅ ስሙን መዝግበን ለሚያሠለጥነው ማስተላለፍ ይቻላል። ከለጋምቦ ብዙ በማይርቀው በተንታ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላምም መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አለ። ለዋጮቹ በቅርብ ናቸው፤ የጐደለው መክሊቱን ከእረኛው እጅ ተቀብሎ እስከ ደጃቸው የሚያደርሰው ሰው ነው።

የአገሩ በግ ጠጕር ባናና በርኖስ ይሠራበታል። ይህን ጥበብ የሚያውቁት አዛውንት ናቸው፤ ልጆቹ ግን ካልተማሩት ከአዛውንቱ ጋር ይቀበራል። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም እንዳደረጉት፥ የእጅን ችሎታ በትምህርት ማጽናት ይገባል። ደብሮቻችን ሥዕሉን፥ የካህናቱን ልብስ፥ ከበሮውንና መስቀሉን ከሩቅ ከተማ ከመግዛት ይልቅ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ቢያሠሩ፥ በአንድ ገንዘብ ሁለት በጎ ሥራ ይሠራሉ።

ከሁሉ በላይ ስለ ቅሬ እንናገር። በወሎ ሰው ሲሞት ቅሬው ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል፥ ሐዘንተኛው ይጽናናል። ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፥ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ ይደርሳል፤ ይህ አባቶቻችን ያቈዩልን የከበረ ሥርዐት ነው። እንግዲህ አንድ ነገር እንጠይቅ። የሞተውን ለመቅበር እንዲህ የምንሰበሰብ ሰዎች፥ በሕይወት ሳለ የተቀበረውን ለማውጣት ለምን አንሰበሰብም? ቅሬው በወር ከሚያወጣው ጥቂቱን ጨምሮ የአንድ ልጅ ጫማ፥ የአንዲት ልጅ ክርና መርፌ፥ የአንድ ተማሪ የመንገድ ስንቅ ቢያደርግ፥ በረሃ ለቀረ ልጅ ሬሳ በሌለበት ድንኳን ከመትከል ይድን ነበር። ጸጋውን የሰጠ አምላክ ዝናሙን ለሁሉ እንደሚያዘንም ሀብቱንም የሰጠው ለሁሉ ነውና፥ በዚህ ሥራ የማን ልጅ ነው ተብሎ አይጠየቅም።

ወጣቶች ሆይ፥ ለእናንተም ቃል አለን። የሽማግሎችን በደል ስንናገር የእናንተን ነጻ ማውጣታችን አይደለም። ያ አገልጋይ ፈርቼ ነው ብሎ መለሰ፤ ጌታው ጨካኝ ነው ብሎም አመካኘ። ሁለቱም ዛሬ አሉ። በኳስ ውጤት የሚያስቆምረው ውርርድ በከተማዎቻችን ተስፋፍቶ ታይቷል፤ በሌላው ሰው እግር ለመክበር መቀመጥ የራስን እግር መቅበር ነው። ጫትና መጠጥም እንዲሁ ናቸው። ተሰጥኦ ያለ ትዕግሥት ቡቃያ ብቻ ነው። አባ ጊዮርጊስ በወፍጮው ላይ የቆየውን ያህል በወፍጮአችሁ ላይ ቈዩ። ሥራ አጥ ከሆናችሁ የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ሥራ ፈት እንዳትሆኑ ግን የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

እኛም ካህናትና ሽማግሎች፥ ወላጆችና መምህራን፥ ገና ጥቂት ሰዓት አለን። በምሳሌው የወይኑ ባለቤት በዐሥራ አንድ ሰዓት እንኳ ወጥቶ ጠይቋል፤ መሸ ብሎ አልቀረም። በፍርድ ቀንም ልጁ ስለ መክሊቱ ሲጠየቅ እኛ በአጠገቡ ቆመን እንሰማለን። «የተቀበለኝ አጣሁ» ብሎ ቢመልስ፥ ቀጥሎ የሚጠራው የማን ስም እንደ ሆነ አሁን ሳለን እናስብ።

ሀብትን የሚሰጥ አምላክ ለልጆቻችን ትጋትን፥ ለእኛም የሚያይ ዐይንና የተከፈተ ደጅ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።